እንካ፣ እንቺ፣ እንኩ

«እዚሁ ነው እንዴ ያደግሽው?» አለኝ ሾፌሩ።

ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ኅዳር ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ከስብሰባ ሾልኬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሽሮ ልበላ እየሄድኩ ነበር። መኪና ስጠራ ስልኬ ላይ የመጣው ስም ያገሬ ሰው ስም ስለነበር ገና በሩን ስከፍት በአማርኛ ሰላም አልኩት። አራት ወር ሙሉ አማርኛ ሳወራ ነው የከረምኩት፤ ግን የማወራው ሰው ሁሉ ዓረፍተ ነገሬን እስክጨርስ በትዕግሥት የሚጠብቅ ነበር። ቃሌን ከአፌ ቀምቶ የሚያወራኝ ሰው ናፍቆኝ ኖሯል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ እየነገረኝ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ነው ጥያቄውን ያመጣው።

ደሴ ተወልጄ ደሴ ማደጌን፣ ካገር ከወጣሁም ገና አራት ወሬ መሆኑን ነገርኩት። በመስታወቱ አየት አደረገኝ። «አማርኛሽ ምንም አላለም፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ነው የምታስቀምጪው። እኔን የምታስተምሪኝ ነው የመሰለኝ።»

አልተሳሳተም። ሳላውቀው አነጋገሬ ተለውጧል። «ልሄድ ነው» የሚለውን ሰው ሁሉ አጣብቆ ሲናገረው እኔ ለሁለት ከፍዬ፣ «ድ»ዋን ጠበቅ አድርጌ ነበር የምለው። የወሎ ዜማዬ የት እንደገባ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጋ ደውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሜሪካ የሄድኩት በፉልብራይት የውጭ ቋንቋ ረዳት አስተማሪዎች ፕሮግራም ነው። በየአገራቸው በአብዛኛው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወጣቶች ተመርጠው ለአንድ የትምህርት ዘመን፣ ዘጠኝ ወር ገደማ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ቋንቋ ያስተምራሉ። ጎን ለጎንም በየሴሚስተሩ እንደማንኛውም ተማሪ ኮርስ ይወስዳሉ። ዲግሪ አያሰጥም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያልቃል። በመካከሉ ሁሉም ዋሽንግተን ላይ ይሰበሰባሉ፤ እኔም ሾፌሩን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። የተመደብኩት ሚሺገን ነበር፤ ከዲትሮይት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና የሚያስኬድ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ክፍሉ ሲከፈት ስምንት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንዱ በኅብረተሰብ ጤና ሦስተኛ ዲግሪውን እየሠራ ለጥናት ጅማ ሊሄድ ያሰበ ነው። አንዷ የታሪክ ተማሪ ናት፤ ግዕዝ ለብቻዋ ጀምራ ፊደሉን ከእኔ በፊት ለይታ የመጣች። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ አግብቶ ከአማቱ ጋር መነጋገር የቸገረው ሰው ነው። ሦስቱ የቋንቋ ኮርስ ግዴታ ስለሆነባቸው የተመዘገቡ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ መልካቸው የእኔው ነው። ስለ እነሱ ሁለቱ እመለስበታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእነሱ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሰላምታ ነበር። ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የመጀመሪያው ሰላምታ ከአሥር ደቂቃ በላይ ወስዶብኝ አያውቅም። አማርኛው ግን ሁለት ቀን ፈጀ። ሰሌዳው ላይ «እንዴት ነህ»፣ «እንዴት ነሽ»፣ «እንዴት ናችሁ»፣ «እንዴት ነዎት» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ የእኛን ቤት «አንቱ»ም ጨመርኩ። የጤናው ተማሪ እጁን አወጣ፤ «ሰውዬውን የማላውቀው ከሆነ የትኛውን ልበል?»

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አስቤበት አላውቅም። አማርኛ ተናጋሪ አንድን ሰው «ደህና» ብሎ እንኳ ለመጠየቅ መጀመሪያ ያ ሰው ምኑ እንደሆነ መወሰን አለበት። ወንድ ነው ሴት፣ አንድ ነው ብዙ፣ ታላቅ ነው ታናሽ፣ ዘመድ ነው ባዳ? ይህን ሳይወስኑ አፍ መክፈት አይቻልም። ለእኛ ከትንፋሽ የፈጠነ ነገር ስለሆነ አይታየንም። ለማያውቀው ሰው ግን ሰላምታው ራሱ ፈተና ነው። ተማሪዎቼ ፊት ላይ ጭንቀት ሳይ አዘንኩላቸውና አንድ መላ ሰጠኋቸው፦ «ከተጠራጠራችሁ እርስዎ በሉ። በእርስዎ የሚቀየም ሰው የለም።»

ይህን አባባል ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔንም እንደ አገራቸው ልማድ በስሜ እየጠሩ «እርስዎ» ይሉኝ ገቡ። ደሴ ተማሪዎቼ «ቲቸር» ይሉኛል፤ ስሜን ጠርቶ እርስዎ የሚለኝ ሰው ግን በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ደስ ይላል፤ ግራም ያጋባል።

ከድምፁ ጋር የነበረን ትግል ሌላ ነው። «ከ»ን ይሉታል፣ «ቀ»ን ግን አይሉትም። የጤናው ተማሪ አያቱ የተቀበሩበትን መንደር ሊነግረን ብሎ «አያቴን እዚያ ከበርን» ሲል እኔ ብቻ ነኝ የደነገጥኩት። ከበረና ቀበረ! ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ጉሮሯችሁን ዝጉ፣ ከዚያ በድንገት ልቀቁት እያልኩ ሁሉም እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ሲለማመዱ የጎረቤት ክፍል መምህር ምን እንደሆንን ሊያይ በሩን ከፈተ። የጤናው ልጅ «ቀ»ን ያገኘው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ቀበርን! ቀበርን!» ብሎ ጮኸልኝ። በዚያ መንገድ ላይ ካለፈው ሰው ሁሉ ምን እንዳለ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ በዓል ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። «አለ» ተናገረ ነው፤ «አለ» ደግሞ ይኖራል ነው። ታዲያ ስታነቡ በምን ትለያላችሁ ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ቋንቋው ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን ውስጥ ስላለ ዓይናችን የጎደለውን ይሞላል፤ እነሱ ግን ያላቸው ዓይን ብቻ ነው። የታሪኳ ተማሪ አንድ ቀን «አልነገረችኝም» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣ አሳየችን። አለመሆኑን፣ ነገሩን፣ ሴት መሆኗን፣ የደረሰውም እኔ ላይ መሆኑን እየነጠለች አስቀመጠችና «ይህ ሁሉ ሰው አንድ ቃል ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች። የምትጠቀምበት መጽሐፍ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳተሙት መማሪያ ነበር። ፖላንድ ተወልደው፣ ሎስ አንጀለስ አስተምረው፣ በ100 ዓመታቸው ያረፉ ሰው ናቸው። እሳቸው በጥንቃቄ የበታተኑትን ግሥ እኔ ተናጋሪዋ ከእሷ ጋር ሆኜ እንደ አዲስ ተማርኩት።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። እሱም ከነዚያ አንዱ ነው። አሳዳጊዎቹ በሰሜን ሚሺገን የቼሪ እርሻ አላቸው፤ እናቱ ስሙን እንኳ ሳትለውጥ ነው ያሳደገችው። ዝምተኛ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረና ከአገሩ የሚያስታውሰው አንድ ቃል ብቻ እንዳለ ነገረኝ። የሰው ስም ይመስለዋል። ምናልባት የእህቱ፣ ምናልባት የተንከባከበችው ሰው ስም። ብዙ ዓመት ሲያስበው ስለኖረ ድምፁ ተለውጦ ይሆናል ብሎም ይፈራል።

«ምንድን ነው ቃሉ?»

«እንካ» አለ።

ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ እንዳገሩ ልጅ ነው ያለው። እኔ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተኝ። ስም አለመሆኑን እንዴት እነግረዋለሁ? የተሸከመውን ነገር እንዳልቀማው ፈራሁ። በመጨረሻ ጠመኔውን አነሳሁና «እንካ» ብዬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ከዚያ ገባው።

ቁጭ ብለን አወራን። «እንካ» አንድ ነገር ሲሰጡ የሚባል ነው አልኩት። ለወንድ ነው። ለሴት እንቺ፣ ለታላቅ ሰው እንኩ፣ ለብዙ እንካችሁ ይባላል። ስለዚህ ይህን ቃል ያለህ ሰው ወንድ ልጅ መሆንህን፣ ትንሽ መሆንህን፣ የራሱ አድርጎ የሚያይህ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። እጁም ላይ የሚሰጥህ ነገር ነበረው። ዳቦ ይሁን ቆሎ፣ ውኃ ይሁን መጫወቻ አናውቅም። ልጁ ጠመኔውን በመዳፉ እያገላበጠ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ከስም ይሻላል» ብሎኝ ወጣ። ጠመኔውን ይዞት ሄደ።

ልጅቷ ደግሞ ሌላ ናት። ወላጆቿ የደብረ ብርሃን ሰዎች ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ዲትሮይት አጠገብ ነው። አማርኛ ሲያወሩ ሁሉንም ትሰማለች፤ ስትናገር ግን የምታውቀው ትእዛዝ ብቻ ነው። ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ዝም በይ፣ በሩን ዝጊ፣ ስልኩን አስቀምጪ። የአንዲት እናት ድምፅ ከነሙሉ ቁጣውና ከነፍቅሩ አለ። ሁሉም በሴት አንቀጽ ነው፤ ምክንያቱም እናት ለሴት ልጇ ስትናገር ነው የሰማችው። ክፍል ውስጥ የጤናውን ተማሪ ወንበር እንድትጋብዘው ስነግራት «ተቀመጪ» አለችው። እኔን እንድትጠራኝ ሳዛት «ነይ» አለችኝ። ሌሎቹ ከውጭ፣ በእርስዎ በር ሊገቡ ሲሞክሩ እሷ ከጓዳ፣ በአንቺ በር ልትወጣ ትታገል ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሁለቱም አይሆንም። ይህን ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ያ ወር ዛሬም ይቆጨኛል።

የመጣችው ለአያቷ ስትል ነው። በየእሑዱ ጠዋት፣ እዚያ ወደ ማታ ሲሆን፣ እናቷ ደብረ ብርሃን ትደውላለች። ለእሷም ስልኩ ይሰጣታል፤ «ሰላም፣ ደህና ነኝ፣ እወድሻለሁ» ትልና ለእናቷ መልሳ ትሰጣለች። ከዚህ አልፋ አንድ ጊዜ እንኳ ከአያቷ ጋር እንደ ሰው መጨዋወት ነው ምኞቷ። ለሴሚስተሩ ማብቂያ ሁሉም ተማሪ ከአንድ አማርኛ ተናጋሪ ጋር አምስት ደቂቃ እንዲነጋገር አዝዤ ነበርና እሷ አያቷን መረጠች። አብረን ተዘጋጀን። «እንደምን አሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ? ቡና ጠጡ?» ብላ በራሷ እጅ ጻፈች። አንቀጹን አረምኩላት። አንድም ስሕተት አልነበረውም።

ሰኞ ዕለት ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እንደምን አሉ» ስትላቸው አያቷ ዝም አሉ። እሷም ወረቀቷን እያየች ቀጠለች። «ጤናዎ እንዴት ነው?» አያቷ ያን ጊዜ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሏት። ይህን ሰምታ ትረዳለች፤ መልስ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

በዚያ ቤት አያት «አንቺ» ናቸው። እማዬ ነው የሚባሉት፤ ልጅም የልጅ ልጅም አንቺ ይላቸዋል። በእኛ ቤት ግን አያቴን ከ«አንቱ» ሌላ የጠራ ሰው የለም። እኔ የደሴውን ቤቴን ደንብ የአማርኛ ደንብ ነው ብዬ አስተምሬ ነበር። የባሰው ደግሞ ራሴም የማውቀውን ነገር መርሳቴ ነው። እናቴ ስትቆጣኝ «ደርሰው መጡ?» ትለኛለች። ከዚህ የከፋ ተግሣጽ ቤታችን ውስጥ የለም። እርስዎ ያከብራል፤ ያርቃልም። የሚወዱት ሰው ድንገት እርስዎ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው ርቀቱን ነው። «በእርስዎ የሚቀየም ሰው የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም አምናኝ ወደ አያቷ ይዛው ሄደች።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወረቀቱን ቀደድነውና ያለ ወረቀት ተለማመድን፤ እኔ አያት ሆኜ፣ እሷ እሷን ሆና። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ቡና ጠጣሽ? ማን መጣ?» በሚቀጥለው እሑድ አምስት ደቂቃው ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። የቀዳችውን አሰማችኝ። የጎደለ ግሥ ሞልቶበታል፤ አንድ ቦታ ላይ አያቷን «ዝም በይ» ብላቸዋለች፣ «ቆይ አንዴ» ለማለት ፈልጋ። እሳቸው በሳቅ ሞቱ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ዛሬም ቢሆን እሰጣታለሁ።

ከዚያ በኋላ የክረምቱ ዕረፍት መጣ። ሚሺገን በጥር ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የጦሳን ተራራ ብርድ ብንለምድም ያ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ የሚለቅ ነው። እዚያ ለሳምንታት አይለቅም። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ ግቢው ባዶ ሲሆን እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ ያገሬ ሰው ጋር ከረምኩ።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ በዛሬው ወሎ። ሮም ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1649፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ግዕዝን በራሱ ጥረት ከመጽሐፍ የተማረ ጀርመናዊ ወጣት መጣባቸው። መጀመሪያ ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ማንም አፍ ላይ በሌለው በግዕዝ እየተንተባተቡ ጀመሩ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሱ ይጽፋል። እኔ የሠራሁትን ሥራ ከእሳቸው በፊት በጀርመን ምድር የሠራ ያገራችን ሰው አላውቅም። ካገራቸው ሊገቡ ሲሉ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ አለፉ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው በ1698 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ። ያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አማርኛ በዋናነት የአንድ ሰው አማርኛ ነው፤ ከመካነ ሥላሴ አንድ ቤት የወጣ። አውሮፓ ለረጅም ዘመን «አማርኛ» ሲል የእሳቸውን ቤት እያለ ነበር።

ከእሳቸው በኋላም ሰዎች ሄደዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ፣ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በርሊን አማርኛ አስተምረዋል። ስለ ሊቅነታቸው ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ያልተጻፈው ነው። አንድ ማለዳ በርሊን ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሰውዬውን ካላወቅሁት ምን ልበለው?» ብሏቸው ይሆን? አለቃ ታዬ ምን መለሱ? የትውልድ አገራቸውን የይፋግን ደንብ ነው የሰጡት ወይስ የቤተ መንግሥቱን? ያ ተማሪስ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ማንን አስቀየመ?

ይህን እያሰብኩ ነው ሁለተኛውን ሴሚስተር የጀመርኩት። አነጋገሬን ለወጥኩ። ደንብ ከመስጠቴ በፊት «በእኛ ቤት እንዲህ ነው፤ እናንተ የምትሄዱበት ቤት መጀመሪያ አዳምጡ» እላቸው ጀመር። አማት ያለችው ሰውዬ ሚስቱን ጠይቆ መጣ፤ የጤናው ተማሪ ጅማ ላይ ከኦሮምኛም ጋር ምን እንደሚገጥመው መጠየቅ ጀመረ። እኔም ቃሌን መጨረስ ተውኩ። «ልሄድ ነው»ን አጣብቄ፣ በወሎ ዜማዬ ሳወራ መጀመሪያ ተደናገጡ፤ መጋቢት ላይ ለመዱት።

የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፤ ልናገረው። የሁለተኛ ዓመት አማርኛ የሚከፈተው የተወሰነ ቁጥር ያለው ተማሪ ከተመዘገበ ብቻ ነው። አምስቱ ሊቀጥሉ ፈልገው ነበር፤ አምስት አልበቃም። ስለዚህ ገና መናገር ሲጀምሩ ቆመዋል። በነሐሴ አዲስ ረዳት አስተማሪ ይመጣል፣ አዲስ ተማሪዎች ይመዘገባሉ፣ ከሀ ይጀመራል። እኔ ስደርስ የመሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት የተጠቀለለ የፊደል ገበታ ብቻ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ምን እንደተማረች፣ የት እንደተሳሳተች የሚነግረኝ ቁራጭ ወረቀት አልነበረም። የሷ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ጻፊ አላላትም። እኔንም ማንም አላለኝም። ግን ሁለት ሳምንት ተቀምጬ አርባ ገጽ ጽፌ ትቼያለሁ። ትምህርት አይደለም፤ ትምህርቱን ራሷ ታወጣዋለች። «ቀ» በስንት ሳምንት እንደመጣ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ከትእዛዝ አንቀጽ ለምን መነሳት እንደሚሻል፣ ቀጠሮ በአማርኛ ስትሰጪ ሰዓቱ የማን እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ የሚል፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ የደብረ ብርሃኗን አያት ታሪክ።

ሰው ሁሉ «ትመለሻለሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር። የቪዛው ሕግ ሁለት ዓመት አገር መቆየትን ያስገድዳል፤ ግን እኔን የመለሰኝ ሕጉ አይደለም። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ልጆች እኔ ሚሺገን ውስጥ ያየሁትን ጭንቀት በየቀኑ ይጨነቃሉ፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት አይቼው አላውቅም ነበር። እዚያ መሆን ፈለግሁ።

የመጨረሻው ክፍል ሚያዝያ ላይ ነበር። አማት ያለችው ሰውዬ ሚስቱ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ አመጣ፤ የታሪኳ ተማሪ እንዴት እንደሚባረክ ጠይቃ ተምራ ስለነበር ከመቆረሱ በፊት ሁላችንን አስነሳችን። ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቁማ አያቷን አሳየችን። አያትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ መረቁን፤ እኔን ልጄ፣ አንቺ እያሉ። እኔ እርስዎ አልኳቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ተቀበሉኝ፤ ከባዳ አፍ ሲመጣ ደግሞ ልኩ እሱ ነው።

ሁሉም ሲወጡ ልጁ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀረ። ከቦርሳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ማሰሮ አወጣ፤ የቼሪ ማርማላታ ነው፣ ከእርሻቸው። በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ዓመቱን ሙሉ እርስዎ ሲለኝ የከረመ ልጅ ነው፤ ቃሉን ሲመርጥ አየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

«እንቺ» አለኝ። «እናቴ ለእናትሽ የላከችው ነው።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩት።